ችካል የመታሁበት ረግረግ

ወረታ መናኸሪያው አጠገብ ባለች ፎቶ ኮፒ ቤት እሠራለሁ። ማመልከቻ እተይባለሁ፣ መታወቂያ አባዛለሁ፣ ሥራ ሲቀዘቅዝ በተበላሸ ወረቀት ጀርባ ግጥም እሞክራለሁ። ባለፈው ክረምት መግቢያ ላይ ከክልል የመጣ የዱር እንስሳት ባለሙያ ቅጽ ሊያባዛ ገባ። እያባዛሁ አነበብሁት፤ የሰው ወረቀት ማንበብ ክፉ አመሌ ነው። ቅጹ የፎገራ ረግረግ በክልሉ መንግሥት ተከልሎ እንዲጠበቅ የሚጠይቅ ነበር። «ጎጆ የተገኘበት ቦታ» ከሚለው ፊት ለፊት ግን ምንም አልተጻፈም።

«ያለ ጎጆ አይቀበሉኝም» አለኝ ባዶውን ቦታ ሳይ አይቶኝ። «ወፎቹ አልፎ አልፎ ይታያሉ። የት እንደሚፈለፍሉ የሚያሳየኝ ነው ያጣሁት።»

«እኔ አንድ አውቃለሁ» አልሁት።

ከአባቴ የሩዝ ማሳ በታች፣ ውሃው ቶሎ ስለማይሸሽ ማንም ያላረሳት ጥግ ነበረች። ባለ አክሊሏ ወፍ እዚያ ትመጣለች። ጥጃ ታህላለች፤ አናቷ ላይ የወርቅ ክር የመሰለ ላባ ቆሞላታል። ልጅ ሆኜ ሜዳው ላይ በመንጋ ሲዘሉና ሲሰግዱ አይቼ ሠርግ ይመስለኝ ነበር። ሩዝ እየሰፋ ረግረጉ እየጠበበ ሲሄድ እነሱም አነሱ፤ በመጨረሻ በኛ በኩል የቀሩት አንዲት እናትና አንድ አባት ናቸው።

ባለሙያው ዓይኑ በራ። «በሁለት ሳምንት ኮሚቴውን ይዤ እመጣለሁ። እስከዚያ ከብት እንዳይረግጠው፣ እኛም እንዳንስተው ምልክት አድርግበት።»

እሑድ ወረድሁ። ቄጤማው መሃል፣ በተረገጠ ሣር ላይ ሁለት እንቁላል ተኝቷል። አራት የባሕር ዛፍ ችካል ጠርቤ፣ ከቀይ ፌስታል ቀድጄ ጫፋቸው ላይ አሰርሁና በአራት ማዕዘን ተከልኋቸው። ወፏ ራቅ ብላ ስታየኝ ቆየች፤ ስጨርስ ተመልሳ ተቀመጠች። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ሥራ የረካሁበት ግጥም የለኝም።

ሸክላ ሠሪዋ ጎረቤታችን ከረግረጉ ዳር አፈር እየቆፈረች ነበር።

«አንተ ገጣሚ! ቦታ ተመራህ እንዴ?»

«ለወፏ ነው፣ እትዬ።»

«ለወፏ! እሷን ልታገባት ነዋ! በል ሠርጉ ላይ እንዳትረሳኝ፣ ጋኑን እኔ እችላለሁ።»

ሳቅን። አባቴ ለቅሶ ሄዶ ስለነበር ሳላገኘው በባጃጅ ተመለስሁ። እኛ አገር አራት ችካልና ቀይ ጨርቅ ምን ማለት እንደሆነ ከማንም በላይ ማወቅ የነበረብኝ እኔ ነበርሁ። ስንት የቦታ ማመልከቻ ተይቤያለሁ። የዚያን ቀን ግን ከወፏ በቀር የታየኝ ነገር አልነበረም።

በአሥረኛው ቀን ያቺው ሸክላ ሠሪ ለገበያ ወረታ መጣች። እንስራዋን ደጃችን ላይ አውርዳ፣ «ረግረጉ አለቀልህ» አለችኝ። «የእሱ ልጅ ቦታ ተመርቶ እኛስ ልንቀር ነው ብሎ አገሩ ሁሉ በሬ ጠመደ።»

«ማን ጀመረ?»

የእንስራውን አፍ በመዳፏ ጠረገች። «እኔ እኮ ለቀልድ ነው ያወራሁት። አባትህ ናቸው የጀመሩ።»

ስደርስ ቄጤማው ተገልብጦ ጭቃ ሆኗል። አራቱ ችካሎቼ እንደተተከሉ ናቸው፤ ቀዩ ፌስታል በነፋስ ይንቀጠቀጣል። በመሃላቸው የሩዝ ችግኝ በመስመር ቆሟል። ሁለቱ ወፎች በችግኙ መካከል አንገታቸውን ደፍተው ወዲያና ወዲህ ይላሉ፤ ሄደው ዳር ሲደርሱ ደግሞ ይመለሳሉ።

አባቴ የበሬዎቹን እግር እያጠበ ነበር። ሲያየኝ ፊቱ ፈካ።

«መጣህ! አየኸው? አንዱንም ችካል አልነካሁብህ፤ በልኩ ነው ያረስሁት።»

«አባዬ፣ ወፏን አላዩአትም?»

«አየኋት እንጂ። አልነሣም ብላ አስቸገረችኝ። በሬዎቹ አፍንጫዋ ሥር እስኪደርሱ ተቀምጣ ቆየች።» ውሃውን ደፋ። «ይህ ልጅ ወረቀት ሲቸከችክ መሬት ሳይኖረው ሊቀር ነው እያልሁ ስንት ዓመት እንቅልፍ አጣሁ። ችካል መምታትህን ስሰማ ተንበርክኬ ነው ያመሰገንሁ። ቀን ካለፈ ሌላ ይቀማሃል ብዬ ቀደምሁልህ።»

ልነግረው አፌን ከፈትሁ። እጁ እስከ ክንዱ በጭቃ ተለውሷል፤ ጉልበቱን የሚያመው ሽማግሌ ውሃ ውስጥ ጎንበስ ብሎ ችግኝ ሲተክል ታየኝ። ጎንበስ ብዬ የቀረውን በሬ እግር አጠብሁለት።

ባለሙያው በቃሉ መጣ፣ ሁለት ሰዎች አስከትሎ። ቦት ጫማቸውን ተጫምተው፣ ካሜራ አንግተው ተከተሉኝ። ችካሎቹ ጋ ስንደርስ ቆምሁ። ችካሉን አየ፣ ሩዙን አየ፣ እኔን አየ።

«ማን ነው ያረሰው?»

አባቴ ከድንበሩ ላይ ቆሞ፣ እንግዶቹ ገብተው እህል እንዲቀምሱ በእጁ እየጠራ ነበር። ጥፋተኛ ብለው ስሙን ቢጽፉትስ?

«ማሳው የኔ ነው» አልሁ።

ባለሙያው የጎጆውን መስመር ባዶውን እንደተወው ቅጹን አጥፎ ቦርሳው ውስጥ ከተተ።

አባቴ ግን ሰምቶኛል። ማሳ የኔ ነው ስል ሰምቶኝ አያውቅም ነበር። ባርኔጣውን አውልቆ፣ እንደ ሕፃን እየሳቀ ወደኛ መጣ።