ፎቶ ያልተነሳው ጫማ

ትናንት ጠዋት አንድ ሰው ከሥራ አባረርኩ። ቀኑ ሳይመሽ ያፈርኩት ግን እኔው ነኝ...

እዚህ አዳማ ውስጥ በሁለት ሞተር ዕቃ እናደርሳለን። በቴሌግራም የሚሸጡ ሰዎች ዕቃውን ይሰጡናል፣ እኛ ገዢው በር ድረስ እንወስዳለን። የዚህ ሥራ በሽታው አንድ ነው፤ «አልደረሰኝም»። ልብሱን ለብሶት እየዞረ «አልደረሰኝም» ያለ ሰው አይቻለሁ፣ እውነቴን ነው! ስለዚህ ሕግ አወጣሁ። ዕቃው ተቀባዩ እጅ ላይ እያለ ፎቶ ይነሳል። ፎቶ ከሌለ አልደረሰም። አለቀ።

ትናንት ታዲያ ዋናዋ ደንበኛችን፣ ጫማ የምትሸጠው ልጅ ደወለች። «ሰናይት የምትባል ገዢ፣ የዛሬ ሳምንት የላክሁላት ጫማ አልደረሰኝም እያለች ነው። በዚህ ወር ሁለተኛ መሆኑ ነው። ዛሬውኑ ካልፈታሽው ሌላ አድራሽ እፈልጋለሁ» ብላ ጆሮዬ ላይ ዘጋችው። እሷ ከሄደች እኛም ቤቱን መዝጋታችን ነው።

ጫማውን የወሰደው ገመቹ ነው። ሁለት ዓመት አብሮኝ ሠርቷል፣ ዝምተኛ ነው፣ የሁለት ልጆች አባት ነው። ስልኩን ተቀብዬ ፈለግሁ... የሌላው ሁሉ ዕቃ ፎቶ አለ፣ የሰናይት የለም።

«ፎቶው የታለ?»

«ለቅሶ ቤት ነበር አለቃ። ድንኳን እየተተከለ... እንዴት ብዬ ላንሳ? ለአንዲት ትልቅ ሴት ሰጥቼ ወጣሁ።»

«ማን ይባላሉ?»

«አልጠየቅኳቸውም።»

ምን ልበላችሁ፣ ደሜ ፈላ። አምና አንድ ሞተረኛ የሰው ስልክ በልቶ «ለቅሶ ቤት ነበር» ብሎኝ ነበር። ሄጄ ሳጣራ የሞተ ሰው የለም! ገመቹ ደግሞ ጫማውን የወሰደ ቀን አንድ ሰዓት ሙሉ ጠፍቶ፣ ስጠይቀው «ሞተሩ አስቸገረኝ» ነው ያለኝ። «ቁልፉን አስቀምጥ፣ በቃ!» አልኩት። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

ባጃጅ ይዤ ሰናይት ቤት ሄድኩ። የምላትን እየተለማመድኩ ነው የሄድኩት፣ ሾፌሩ ብቻዋን ታወራለች እያለ በመስታወት ያየኛል። ስደርስ ድንኳን የሚባል ነገር የለም። «አላልኩም!» አልኩና በሩን ደበደብኩት።

ጥቁር በጥቁር የለበሰች ሴት ከፈተችልኝ። ዓይኗ አብጧል።

ስልኬን ከፍቼ ይዤ ነበር እኮ፣ ስትዋሽ ልቀዳት! ቶሎ ብዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ገብቼ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ብዬ ቁጭ አልኩ። ሰናይት ራሷ ናት፣ የሞቱት አባቷ ናቸው። አጠገቧ አክስቷ እትዬ አስካለ ተቀምጠዋል። ትንሽ ቆይቼ እያፈርኩ ማን እንደሆንኩና ለምን እንደመጣሁ ነገርኳቸው።

እትዬ አስካለ ቀና አሉ። «ያ ሞተረኛ ያንቺ ነው እንዴ? ድንኳኑን ስንተክል ንፋሱ አላስቆም ብሎን ነበር። ሄልሜቱን አውልቆ፣ ምሰሶውን እስከ መጨረሻ ይዞ ያስተከለው እሱ ነው። ዘመድ መስሎኝ ምሳ ብላ ብለው እንቢ አለ። ሊሄድ ሲል ነው ካርቶን የሰጠኝ... ውይ! ውይ በሞትኩት! ካርቶኑ!»

ለካ በዚያ ግርግር ካርቶኑን የዕድሩ ስኒ ያለበት ሳጥን ውስጥ ከተውታል። በሦስተኛው ቀን ዕድርተኛው ድንኳኑን፣ አግዳሚውን፣ ሳጥኑን ሰብስቦ ወሰደ። የሰናይት ጫማም አብሮ ሄደ።

እትዬ አስካለና እኔ የዕድሩ ጸሐፊ ጋሽ ንጉሤ ቤት ሄድን። ጋሽ ንጉሤ ወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። መነጽራቸውን አደረጉ፣ ደብተራቸውን ገለጡ፣ በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ። «የተሰነጠቀ ስኒ፣ ሁለት። ጆሮው የወለቀ ድስት፣ አንድ። አዲስ ጫማ ከነካርቶኑ፣ ባለቤቱ ያልታወቀ፣ አንድ።» ካርቶኑን አወጡና እጄን ስዘረጋ «መጀመሪያ ፈርሙ» አሉ። እትዬ አስካለ ፈረሙ። «ምስክርስ?» አሉ። እኔ ፈረምኩ። ሕግ አወጣሁ ብዬ የምኮራዋ ሴትዮ!

ስንመለስ ሰናይት ካርቶኑን ከፈተች። የወንድ ጫማ ነው፣ ሰፊና ለስላሳ።

«የአባቴ እግር አብጦ ምንም ጫማ አልገባለት ብሎ ነበር» አለች። ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። «ጫማውማ ምን ያደርግልኛል... የአባቴን ዕቃ ሰው በላው ብዬ ነው የተቃጠልኩት።»

አብሬያት አለቀስኩ፣ ምን እደብቃለሁ። እዚያው ለሻጯ ደወለችላት። «ደርሶ ነበር፣ ጥፋቱ የኛው ነው። ሞተረኛውን እንዳትነኩብኝ» አለቻት።

ስመለስ ገመቹ አልሄደም። የቀሩትን ዕቃዎች ለሌላው ሞተረኛ በየሰፈሩ እየለየለት ነበር።

«ምሰሶ ይዤ ቆየሁ ብትለኝ ምን ነበረበት?» አልኩት።

«ለቅሶ ቤት ምሰሶ ያዝኩ ተብሎ ይወራል እንዴ አለቃ?»

ይቅርታ ጠይቄ ቁልፉን በሁለት እጄ ሰጠሁት። ሕጉ አሁንም ግድግዳው ላይ አለ፣ አላነሳሁትም፤ አጭበርባሪውም አልጠፋማ። ከሥሩ ግን በእስክሪብቶ አንድ መስመር ጨምሬበታለሁ፦

«ለቅሶ ቤት ፎቶ አይነሳም። የተቀባዩን ስም ብቻ ጠይቁ... አምናችኋለሁ።»