ከራዲዮው የተነቀለችው ቆርቆሮ

ወይንሸት ባሏን መናቅ የጀመረችው ራዲዮው ሶዶ የገባ ሰሞን ነው። ከዚያ በፊት እሸቴ ተራ ጉረኛ ነበር፤ ጉራ ደግሞ ማንንም አይገድልም። አዲስ አበባ አንድ ፈረንጅ ዘንድ ክረምቱን ተምሮ፣ በእጁ የገጣጠመውን ራዲዮ በበቅሎ አስጭኖ ሲመለስ ግን፣ የዳሞታን ተራራ ራሱ ያቆመው ይመስል አንገቱ አልታጠፍ አለ።

የተማረውን እንደ ዳዊት ይደግመዋል። «የመጀመሪያው አምፖል ድምፅ ይለቅማል፤ ሁለተኛው ያጎላዋል። የጎላው ተመልሶ ወደ መጀመሪያው ከሾለከ፣ ዞሮ ዞሮ ራሱን እያጎላ ያላዝናል። ስለዚህ በመካከላቸው ቆርቆሮ ይቆማል።»

ይህን በቃሉ የሚወጣ ሰው፣ እንግዶች የአምፖሎቹን ፍም እንዲያዩለት ቆርቆሮዋን ነቅሎ የአረቄ መለኪያ ማቅረቢያ አደረጋት። ያለ እሷ ራዲዮው ደህና የሚናገረው ሰው ሁሉ ከተቀመጠበት ካልተነቃነቀ ነው። ትንሽ ከተጠጉት ይጮሃል።

በጦርነቱ ዓመት አንድ እሑድ፣ የወይንሸት ወንድም ለማ የዘመተበት ጦር ወሬ እንደሚነገር ተሰማ። ቤቱ ሞላ። ወይንሸት ጥግ ቆመች። ድምፁ «ወደ ሰሜን የዘመተው ጦራችን…» ሲል፣ ግራዝማች ሀብተጊዮርጊስ በሩ ላይ ብቅ አሉ።

«ኖር!» ብሎ ቤቱ በሙሉ ግር ብሎ ተነሣ።

«በእግዜር! ኧረ ተቀመጡ!»

ራዲዮው እሪታውን አቀለጠው።

«አያ እሸቴ፣ ጅብ ነው እንዴ ያስገባህብን?» አለ በርበሬ ነጋዴው ጦና።

«ዝም በል! ጉልበት አንሶት ነው።» እሸቴ ማጉያውን እስከ ጥጉ ጠመዘዘው። ራዲዮው ይባስ ማላዘን ያዘ።

«ቆርቆሮዋን ይመልሷት እንጂ» አለች ወይንሸት።

«አብደሻል? የግራዝማችን መለኪያ ምን ላይ ላቅርብ?»

በሰው ፊት ቀና ብላ የማታውቀው ሴት መለኪያውን አነሣች፤ ቆርቆሮዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ በቦታዋ ሻጠቻት፤ ማጉያውንም መለሰችው። ጩኸቱ ቀጥ አለ። ጥርት ብሎ የተሰማው ግን የሰልፍ ሙዚቃ ነው። ወሬው አልቋል።

እሸቴ ጉሮሮውን ጠረገ። «እኔ ሰምቼዋለሁ እኮ። ድል ነው! ለማም ደህና ነው።»

ቤቱ በእልልታ ተናወጠ። ራዲዮ የአንድ ተራ ወታደር ስም እንደማይጠራ የሚያውቀው ጦና አንገቱን ደፋ። ወይንሸትም ታውቃለች። ሆኖም ለአንድ አፍታ አመነችው። ኋላ፣ የለማ ወሬ ሳይመጣ ዓመታት ሲያልፉ፣ ይቅር ያላለችው ያችን አፍታ ነበር።

«ምን ይገትርሻል?» አላት እሸቴ። «ለግራዝማች ሌላ ማቅረቢያ አምጪ!»