ትንሽ አሟት ነው

ሚሊኒየሙ ካለፈ ሦስት ወይ አራት ዓመት ቢሆን ነው፤ ጥምቀት ገና ማለፉ ነበር። እኔ ብዙ አልተማርኩም፤ ፊደል ቆጥሬ ዳዊት ላይ ስደርስ ነው ያቆምኩት። አጻጻፌ ቢወላገድ ይቅርታ አድርጉልኝ። ዛሬ ዕድሜዬ ገፍቶ ብዙ ነገር ይጠፋብኛል፤ ያን ቀን ግን ልርሳው ብልም አልሆነልኝም።

የምንኖረው ካዛንቺስ ነው፤ ከዋናው አስፋልት ገባ ብሎ ባለው መንደር። ባለቤቴ አስካለ ትባላለች። ልጃችን ሰናይት ያኔ ኡራኤል አካባቢ አንድ የአስጎብኚዎች ቢሮ ውስጥ ትሠራ ነበር። አንድ ቀን ከሥራ ስትመለስ፣ «አባዬ፣ ቅዳሜ የደርሶ መልስ ጉብኝት አለ። ሁለት ፈረንጆች ስለቀሩ ቦታ ተገኝቷል። አንተና እማዬ ትሄዳላችሁ» አለችኝ። ጠዋት ከአለት የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያንና የጥንት ትክል ድንጋይ፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ እሳተ ገሞራ ነው የሚታየው።

«እሳተ ገሞራ ማለት ያ የሚፈነዳው?» አልኳት።

«አሁን አይፈነዳም አባዬ። ይተነፍሳል ብቻ።»

«የሚተነፍስ ነገር አንድ ቀን ያስነጥሰዋል።»

አስካለ ሳቀችብኝ። «ፈሪ! አንተ ቤት ጠብቅ፤ እኔ እሄዳለሁ» አለች። ጉልበቷን ቁርጥማት ይዟት ብዙ ተሠቃይታለች። ከዚያ ተራራ የሚወጣው እንፋሎት ለቁርጥማት መድኃኒት ነው ሲባል ሰምታ ኖሮ፣ ልቧ የሄደው ወደዚያ ነው። እሷ ከሄደች እኔ ምን እቀራለሁ? ጋቢዬን ደርቤ ተከተልኩ።

በጠዋት ተነሣን። ሚኒባሱ ውስጥ አራት ፈረንጆች፣ ሾፌሩ፣ እኛና አስጎብኚው ነበርን። አስጎብኚው ናሆም የሚባል ለፍላፊ ወጣት ነው። ከፈረንጆቹ ጋር በእንግሊዝኛ ይንበለበላል፣ ወደኛ ዞሮ ደግሞ እኔን «ፋዘር»፣ እሷን «ማዘር» እያለ ሳቅ ያመጣብናል።

አዳዲ ማርያም ስንደርስ አስካለ መሬት ስማ ገባች። ቤተ ክርስቲያኑ ከመሬት በታች ነው፤ ድንጋዩን ዙሪያውን ፈልፍለው ነው የሠሩት። ጨለማው ውስጥ ድምጿ ብቻ ይሰማኝ ነበር፤ ውዳሴ ማርያም በቃሏ ስለምታውቅ ስትደግም ቆየች። ደስ ብሏት ወጣች።

ጢያ ላይ ግን እኔን አንድ ነገር ከበደኝ። ረጃጅም ድንጋዮች ቆመዋል፤ ሰይፍ ተቀርጾባቸዋል። ናሆም፣ «ፋዘር፣ ይሄ ሁሉ መቃብር ነው። ከሥሩ የተገኙት ሰዎች ታጥፈው፣ ጉልበታቸው ደረታቸው ላይ ሆኖ ነው የተቀበሩት» አለኝ።

አስካለ ድንጋዩን ዳሰስ አድርጋ፣ «ተሰማ፣ እኛስ ስንሞት ድንጋይ የሚያቆምልን ይኖር ይሆን?» አለችኝ።

«ኧረ አንቺ ሴትዮ፣ አፍሽን በዳቦ!» አልኳት።

ቡታጅራ ምሳ በላን። ከዚያ በፒስታው መንገድ አቧራ እየቃምን ወደ ዝዋይ ወረድን፤ አሉቶ የሚባለው ተራራ ላይ ስንደርስ ፀሐይዋ ዘንበል ብላ ነበር።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከመኪናው ስወርድ ጀምሮ ፈራሁ። መሬቱ በጫማዬ ሶል በኩል ይሞቃል። ሣሩ መሃል፣ ድንጋዩ ሥር፣ በየቦታው ነጭ እንፋሎት ብን ይላል፤ ግን እሳት አይታይም። ሽታው ገና የተጫረ ክብሪት ይመስላል። ጆሮ ለሰጠው ሰው ከውስጥ የሚንተከተክ ነገር አለ። እሳቱ ቢታየኝ ይሻለኝ ነበር።

«በኔ ዱካ ብቻ ይርገጡ ፋዘር» አለ ናሆም። «ጎን ጎኑ ስስ ነው፤ ማለቴ እንደ ቂጣ ነው፣ ይሰበራል።»

ትንሽ እንደሄድን የአገሬው ሰው የሚታጠንበት ጎድጎድ ያለ ቦታ አገኘን። እንፋሎቱ እዚያ ለስለስ ይላል፣ አይፋጅም። አንዲት ጠና ያሉ ሴት ጀርባቸውን ሰጥተው ተቀምጠዋል፤ ከታች ካለው መንደር ነው የመጡት፣ አዴ ሙሚና ይባላሉ። ፈረንጆቹ ሽቅብ መውጣት ፈልገዋል፤ አስካለ ደግሞ ጉልበቷ አልቻለም። ናሆም፣ «ማዘር፣ እዚህ ዳር ላይ ይቀመጡ፤ ወደ ጉድጓዱ አይጠጉ። በቃ ቶሎ እንመለሳለን» ብሎ ሄደ።

አስካለ ጥቂት ተቀመጠችና አኮረፈች።

«በነፋስ ሄዶ አለቀ እኮ! እንፋሎት ካልታፈነ ምን ይሠራል? በል ጋቢህን አምጣ።»

ቤታችን ጉንፋን ሲይዛት ባሕር ዛፍ ቀቅላ፣ ድስቱን ፊቷ አድርጋ፣ ጋቢ ከላይ ደርባ ነው የምትታጠነው። እናቷም እንደዚያ ነበሩ፣ የኔም እናት እንደዚያ ነበሩ። ስለዚህ አልገረመኝም። ወደ ጉድጓዱ ጠጋ ብላ ጎንበስ አለች፤ ጋቢውን ከራሷ እስከ እግሯ ተከናነበች፤ እኔም ነፋስ እንዳይገባ ጫፍ ጫፉን ድንጋይ ጫንኩበት። ከውስጥ፣ «እሰይ፣ ይሄ ነው እንጂ!» ስትል ሰማኋት። ከዚያ ውዳሴ ማርያም ጀመረች።

እኔ አጠገቧ ቆሜ ድምጿን እሰማለሁ። እየቀነሰ ሄደ። ከዚያ ቆመ። በልቧ ቀጠለች ማለት ነው አልኩ። አስካለ ጸሎት ላይ ስትሆን አናግሬያት አላውቅም፤ ቤታችን ውስጥ እንደ ሕግ ነው። እንፋሎቱን እያየሁ ቆምኩ።

አዴ ሙሚና ዞር ብለው አዩንና ጮኹ። «ሴትዮዋ! ሴትዮዋ የት ሄደች?»

«እዚህ ነች፤ ትጸልያለች» አልኩ።

«በልብስ አይሸፈንም! ይገድላል!»

ወገባቸውን ይዘው ሲነሡ ነበር ያየኋቸው፤ እንዴት እንደሮጡ አላውቅም። ጋቢውን በአንድ እጃቸው ገፈፉት። አስካለ በጎኗ ወድቃ፣ ጉልበቷ ደረቷ ላይ ታጥፎ ነበር፤ ልክ ናሆም ጠዋት ጢያ ላይ እንደነገረኝ። ፊቷ አመድ መስሏል። ከንፈሯ ጠቁሯል።

አዴ ሙሚና ብቻቸውን በብብቷ ገብተው ነፋስ ወዳለበት ጎተቷት፤ ሻሻቸውን ፈተው ማራገብ ጀመሩ፤ ጉንጯን በጥፊ አሉ። በኋላ እኔም ነቃሁና፣ «ናሆም! ናሆም! ያገር ያለህ!» እያልኩ ጮኽኩ። ናሆምና አንዱ ፈረንጅ ቁልቁል እየተንሸራተቱ መጡ፤ ሌሎቹም ከኋላ ተከተሉ። አስካለ አንዴ እህህ ብላ አየር ሳበች፤ ዓይኗን ግን አልገለጠችም። በዚያው በጋቢው አራት ሆነን ተሸክመናት ወደ መኪናው ሮጥን። አዴ ሙሚና ማንም ሳይጠራቸው አብረው ገቡ፤ እስከ ዝዋይ ጭንቅላቷን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ በቋንቋቸው ዱዓ እያደረጉ መጡ።

ጤና ጣቢያው ውስጥ ወዲያው ተቀብለዋት በሩን ዘጉ። እኔ ውጭ አግዳሚ ወንበር ላይ ቀረሁ።

አሁን የማወራችሁ ከተራራውም የባሰውን ነው። ጥቂት ቆይቶ አንዲት ነርስ ወጣች፣ «አባባ፣ ደህና ናቸው። ትንሽ ይረፉ። እርስዎም ቁጭ ይበሉ፣ ውሃ ይጠጡ» አለችኝ። በጣም ለስልሳ ነው የምትናገረው። «ልጆች አሏችሁ? ሩቅ ናቸው?» ብላ ጠየቀችኝ። ናሆም ሻይና ዳቦ ይዞ መጣ። ያ ለፍላፊ ልጅ ዝም ብሏል። «ጋሼ፣ መጀመሪያ እህል ይቅመሱ» አለኝ። ፋዘር አላለኝም፤ ጋሼ አለኝ። አዴ ሙሚና በሌላ ጎኔ ተቀምጠው እጄን ያዙ።

እኔ በዕድራችን ለመርዶ ከሚላኩት ሽማግሌዎች አንዱ ነኝ፤ ሥራውን አውቀዋለሁ። ሰውየውን ቁጭ ታደርገዋለህ። ሞተች አትለውም፤ «ትንሽ አሟት ነው፣ ሐኪም ቤት ናት» ትላለህ። እህል እንዲቀምስ ታደርጋለህ፤ ኋላ ስለማይበላ። ሲወድቅ የሚይዘው ሰው በግራና በቀኝ ታስቀምጣለህ። ከዚያ ነው የምትነግረው።

እኔ ሰው ላይ የማደርገውን ሁሉ እያደረጉብኝ ነው።

ዳቦው እጄ ላይ ቀረ። አስካለ ሞታለች፤ በቃ፣ አወቅሁት። የመንደራችን መተላለፊያ ጠባብ ነው፤ ድንኳኑ የት ይተከላል ብዬ አሰብኩ። ለሰናይት ማን ይነግራታል ብዬ አሰብኩ። ማታ ቤት ስገባ የሷን ነጠላ ጫማ በር ሥር ሳየው ምን እሆናለሁ ብዬ አሰብኩ። እንባ እንኳን አልመጣልኝም፤ ብርድ ብርድ አለኝ እንጂ።

ድንገት ተነሣሁ። «ሞታ እንደሆነ ንገሩኝ! እኔ ልጅ አይደለሁም፣ ንገሩኝ!» ብዬ ጮኽኩ።

ናሆም ደነገጠ። «ኧረ ፋዘር! ተኝተው ነው እኮ!»

«ተኝታ» የሚለውንም እኔ ስንት ቤት ተናግሬዋለሁ። ነርሷን ገፋ አድርጌ በሩን ከፈትኩት።

አስካለ ኦክስጅን አፏ ላይ አድርገውላት ተጋድማለች። ዓይኗ ተገልጧል። እኔን ስታይ የአፏን ነገር ወደ ታች ሳብ አድርጋ፣ «ጋቢው ተቃጠለ እንዴ?» አለችኝ።

ያኔ ነው ያለቀስኩት። ነርሷ አፏን መልሳ ሸፍና፣ ማውራት ከልክላ፣ እኔን አስወጣችኝ።

ውጭ ስወጣ ናሆም፣ «ለሰናይት ደውዬላታለሁ ፋዘር» አለኝ።

«ምን ብለህ ነገርካት?»

«እውነቱን ነዋ። ማዘር ትንሽ አሟቸው ነው፣ ጤና ጣቢያ ናቸው፣ አትደንግጪ አልኳት።»

ራሴን ያዝኩ። መልሶ እንዲደውል አድርጌ ስልኩን ተቀበልኩት። ያነሣችው ሰናይት አይደለችም፤ ጎረቤታችን ዘይነባ ናት። ከኋላዋ የሚያለቅስ ሰው ይሰማል።

«ዘይነባ፣ ደህና ናት!» አልኩ። «አስካለ ደህና ናት!»

«አዎ ጋሽ ተሰማ፣ ደህና ናት» አለች፣ ድምጿ እየተቆራረጠ። «አይዞዎት። እኛ አለን። በዝግታ ይምጡ።»

«የምሬን ነው የምልሽ፣ ትንሽ አሟት ነው እንጂ አልሞተችም!»

«አውቃለሁ፣ አውቃለሁ። ሰው ይዞዎታል አይደል? ብቻዎን እንዳይሆኑ።»

ምን ብል ታምነኝ? እኔ የማውቀውን ቋንቋ እሷም ታውቀዋለች። ሲሻላት ራሷ ታናግራቸው አልን፤ ግን አስካለ ተፈቅዶላት ስንወጣ የናሆም ስልክ ሞቶ ነበር፣ የሾፌሩም መስመር አልገባ አለ። አዴ ሙሚናን ተሰናበትናቸው። አስካለ ጋቢውን አለበሰቻቸው፤ እሳቸውም እጇን ይዘው ብዙ መረቋት።

መንደራችን ስንገባ ከመሸ ቆይቶ ነበር። መተላለፊያው አፍ ላይ ሰው ቆሟል። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። የዕድሩ ወጣቶች የድንኳን ብረት ከግድግዳ ጋር አስደግፈዋል። አስካለ ክንዴን ተደግፋ ከመኪናው ወረደች፤ ይህን ስታይ ቀጥ ብላ ቆመች።

«ውይ! ማን ሞቶ ነው?» አለች።

ሴቶቹ ወደ ኋላ ሸሸት አሉ። እሷ ግን ያ ሁሉ ድካሟ ሳይለቃት ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ ማዘቅዘቅ ጀመረች። «ኧረ ንገሩኝ! ዘይነባ፣ ልጆችሽ ናቸው? ምን ሆናችሁብኝ?» እያለች ዓይኗ እንባ ሞላ።

«ኡኡኡ! አንቺ!» አለች ዘይነባ። «አንቺ ነሽ እኮ!» ብላ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች። ሰናይት ከቤት ሮጣ ወጣች፤ የእናቷን ፊት በሁለት እጇ እየዳሰሰች ቆመች። ብረቱን ያስደገፉት ወጣቶች አፍረው አንሥተውት ሄዱ።

መንደሩ ይሄን እንደ ቀልድ ያወራዋል። አስካለ ራሷ፣ «ለራሴ ለቅሶ ደርሼ የተመለስኩ ሴት ነኝ» እያለች ሰው ታስቃለች። «ስሞት ‹አሟት ነው› እንዳትሏቸው፤ በቀጥታ ‹ሞተች› በሏቸው፤ ያን ጊዜ አሟት ነው ይላሉ» ትላለች። ጉልበቷ እንደሆነ ዛሬም ያማታል።

እኔም አብሬ እስቃለሁ። ግን ሰው የሚያወራው ስለ መትረፏ ነው። እኔ ያን ቀን፣ እዚያ አግዳሚ ወንበር ላይ፣ ሚስቴ ሞታብኝ ነበር። በኋላ ተመለሰችልኝ እንጂ ሞታብኝ ነበር፤ ያን የቀመስኩ እኔ ብቻ ነኝ፣ ለማንም አልተናገርኩትም።

አንዳንዴ ደጃፋችን ላይ ቁጭ ብለን ሳያት ስቆይ፣ «ምን አፍጥጠህ ታየኛለህ?» ትለኛለች።

«ምንም» እላታለሁ።