የውሃ ቦቴ ድንጋይ ካባ ምን ይሠራል?

ታናሽ ወንድሜን ሰፈሩም መሥሪያ ቤቱም «አያልቅበት» ነበር የሚለው። ወሬ አያልቅበት፣ ሳቅ አያልቅበት፣ ለሰው የሚሰጠው አያልቅበት። በመንገድ ሥራ ድርጅታችን የውሃ ቦቴ ሹፌር ነበር። ከድርጅቱ ጉድጓድ ሞልቶ ይነሳና የሚጠቀጠቀውን አፈር ውሃ ያጠጣል። እኔ እዚያው ቢሮ ተቀምጬ መኪኖቹ የት እንዳሉ በስክሪን እከታተላለሁ። ታላቁ ስለሆንኩ «እትዬ» ይለኛል፤ ከሱ ሰምተው ሹፌሮቹም ሁሉ እትዬ አሉኝ።

መኪኖቹ ላይ መከታተያ ሲገጠም ያላሉት ነገር የለም። «አማት» ብለው ስም አወጡላት። የት ዋልክ፣ ለምን ቆምክ፣ ምን አስቸኮለህ ትላለቻ! እኔ ግን እወዳታለሁ፣ ልዋሽ እንዴ? የተሰረቀ ሎደር ሰው ጓሮ ውስጥ በሸራ ተሸፍኖ ያገኘነው በሷ ነው። ነዳጅ እየቀዱ መሸጥ የቀረው በሷ ነው። ቁልቁለት ላይ የሚከንፈውን ደውዬ «አንተ፣ ልጆችህን አስብ እንጂ!» የምለውም በሷ ነው። አያልቅበት ደግሞ «አማት እትዬን ጸሐፊ አድርጋ ቀጠረቻት» እያለ ያስቅብኛል።

ያን ቀን ከምሳ በኋላ እማዬ ደወለች።

«ያ ልጅ ምነው ቀረብኝ?»

«የት ይምጣልሽ እማዬ? ሥራ ላይ ነው።»

«ውሃውን ይዞ ነዋ! ጎረቤቱ ሁሉ ባልዲውን ደርድሮ ቁጭ ብሏል።»

ጉድ እኮ ነው! እማዬ ሰፈር ቧንቧው ከደረቀ ሰንብቷል። ለካ የኔ ጀግና በየቀኑ ቦቴውን ደጇ አቁሞ ለሰፈሩ ውሃ ያድላል። ድርጅቱ ቢያውቅ የዚያኑ ዕለት ነው የሚያባርረው። ግን እኔ ስክሪኑ ላይ ተጥጄ እየዋልኩ እንዴት አላየሁም?

ብደውልለት አያነሳም። ስክሪኑ ላይ የመኪናውን ነጥብ ፈለግኩ፤ ይሄዳል። እፎይ አልኩ። ከድንጋይ ካባው ወደምንሠራው መንገድ ይወርዳል፣ ከመንገዱ ተመልሶ ወደ ካባው ይወጣል። ትንሽ ቆይቼ ነው ክው ያልኩት። ካባ የሚመላለሰው ድንጋይ የሚጭን ገልባጭ ነው። የውሃ ቦቴ ድንጋይ ካባ ምን ይሠራል? ቀረብ ብዬ ሳይ ሌላ ነጥብ አብሮት ተለጥፏል፤ የድምቡሼ ገልባጭ። ድምቡሼ የወንድሜ አብሮ አደግ ነው፤ አንዱ ካላሳቀው ሌላው አይበላም።

ደወልኩለት። «የወንድሜ መከታተያ አንተ ጋ ምን ይሠራል?»

የገልባጩን ሞተር ሲያጠፋ ሰማሁ።

«ተናገር እንጂ! ዱዳ ነህ?»

«እትዬ... ነቅሎ ይሰጠኛል። ወንበር ሥር አድርጌ እዞርለታለሁ። ሲመለስ ይወስዳል። ዛሬ ግን... ጠዋት እንደሄደ ነው።»

«እና እስካሁን ዝም አልክ?»

«ላጋልጠው ነው እንዴ?» አለና ማልቀስ ጀመረ።

ወደ እማዬ ሰፈር የሚወስደው መንገድ ሁለት ነው፣ አዲሱና አሮጌው፤ በየትኛው እንደሚሄድ ድምቡሼም አያውቅም። የጋራዡን ሜካኒክ አስነስቼ በድርጅቱ ፒክአፕ በአዲሱ መንገድ ከነፍን። «አምላኬ፣ ጎማ ፈንድቶበት ጥላ ሥር ተኝቶ ይሁን፤ እኔ ራሴ በጥፊ አጮለዋለሁ» እያልኩ በየመታጠፊያው አንገቴን አሰግጋለሁ። ምንም የለም። እማዬ ደጅ ስንደርስ ባልዲዎቹ እንደተደረደሩ ናቸው። ፊቴን አየችና መሬት ላይ ዘጭ አለች። አላነሳኋትም፤ ጊዜ አልነበረኝም።

በአሮጌው መንገድ ተመለስን። ዳገቱ ላይ ካለው መታጠፊያ በታች ቦቴው በጎኑ ተኝቷል። የጫነው ውሃ ፈስሶ ገደሉን ጭቃ አድርጎታል። ጋቢናው ተጨፍልቆ ወንድሜን ከመሪው ጋር አጣብቆታል።

«እትዬ፣ መጣሽ?» አለኝ። «ስልኩ ሲጮህ አንቺ እንደሆንሽ አውቄያለሁ። እጄ አልደርስ አለኝ።»

በሩን ጎተትን፣ በድንጋይ ደበደብን፤ ንቅንቅ አላለም። የሚያነሳው ክሬን ብቻ ነው። ለክሬኑ ሹፌር ደወልኩ፣ አምቡላንስም ጠራሁ። በተሰበረው መስኮት እጄን አስገብቼ እጁን ያዝኩ። በሌላው እጄ ስልኬ ላይ የክሬኑን ነጥብ ከፈትኩ።

«የት ደረሰ?» አለኝ።

«ከጋራዥ ወጣ።»

«ለካ አማትም ትናፍቃለች» ብሎ ሊስቅ ሲል ሳል ያዘው። ቆይቶ፣ «ድምቡሼን እንዳትቆጪው» አለኝ።

«እሺ፣ አልቆጣውም። አትናገር፣ አትድከም በሞቴ።»

«የት ደረሰ?»

«ማደያውን አለፈ።» እውነቴን ነበር። ነጥቡ ይመጣል፤ ግን ክሬን እኮ ነው፣ ምን ያህል ሊሮጥ? የክሬኑ ሹፌር ላይ በስልክ ጮህኩበት። እሱም እያለቀሰ «እትዬ፣ እግሬ ነዳጁ ላይ ተተክሏል፣ ምን ላድርግ?» አለኝ።

«የት... ደረሰ?»

«አሮጌው መንገድ ገባ፣ የኔ ጌታ! ገባ!»

የያዝኩት እጅ ላላ።

«ዳገቱን ጀመረ» አልኩት። አልጠየቀኝም። «ዳገቱን እየጨረሰ ነው። መታጠፊያው ጋ ደርሷል። ድምፁ አይሰማህም?»

ሜካኒኩ ከኋላዬ ትከሻዬን ያዘኝ። ገፈተርኩትና ስልኩን በመስኮቱ አስገብቼ ለወንድሜ ፊቱ ላይ ያዝኩለት።

«ይኸው፣ እየው» አልኩት፤ «መጣልህ።»