የቱሮን ግማሽ

ከኮምቦልቻ ወደ አሜሪካ የሄድኩ ዕለት ማታ እናቴ ከጎረቤታችን ቦንቦሊኖ ገዝታ ሻንጣዬ ውስጥ ሸጎጠችልኝ። ስኳር በሽታ ቢኖርባትም፣ እሑድ እሑድ አንዱን ለሁለት ገምሰን እንበላ ነበር። የዚያን ዕለት ግን፣ "እኔስ ከዛሬ ጀምሮ ትቼዋለሁ፤ የእኔንም ድርሻ አንቺ ብዪልኝ" አለች። ለጤናዋ መስሎኝ ደስ አለኝ።

አሜሪካ ስገባ የጉምሩኩ ሰውዬ ሻንጣዬን ከፈተ።

"ሥጋ አለበት?"

"ኧረ የለበትም! ዱቄትና ስኳር ነው።"

"ሥጋው ይሻልሽ ነበር" አለና ቦርጩን መታ መታ አድርጎ አሳለፈኝ።

ላስ ቬጋስ፣ ስትሪፕ በሚሉት የትልልቅ ሆቴሎች ጎዳና ላይ ካለ ሆቴል ክፍል ማጽዳት ጀመርኩ። አደራ አልበላሁም፤ የራሴንም የእናቴንም ድርሻ፣ ዶናቱን በለስላሳ እያወራረድኩ በላሁት። ሐኪሙ "ስኳር አፋፍ ላይ ነሽ" ሲለኝ ደንግጬ ጣፋጭ የሚባል ነገር እርም አልኩ። ኑሮዬ አልጫ ሆነ።

ከዚህ ያወጣችኝ አብራኝ የምትሠራ ፊሊፒናዊት ናት። አቴ ሉዝ እላታለሁ፤ አቴ በእነሱ እትዬ ማለት ነው። እሷም ስኳር አለባት፤ ግን አርብ አርብ ቱሮን ይዛ ትመጣለች። ሙዝ በስስ ሊጥ ጠቅልለው ከቡናማ ስኳር ጋር ይጠብሱታል፤ ሲያዩት ሳምቡሳ፣ ሲቀምሱት ሌላ። መጀመሪያ አትክልትና ዓሣዋን ትበላለች። ከዚያ አንዱን ቱሮን ለሁለት ቆርጣ ግማሹን ለእኔ ትሰጠኛለች፤ ቀጥሎ ብሬካችን እስኪያልቅ በእግር መዞር ነው።

"ጣፋጭ ጠላት አይደለም፤ ብቻሽን ስትበዪው ነው የሚበዛብሽ" ትላለች።

ሆቴሉ በኮሮና ወረርሽኝ ተዘግቶ እንደገና የተከፈተ ሰሞን፣ ደስታዬ ገንፍሎ ከግማሼ ቆርሼ አጎረስኳት። አንድ ጉርሻ ያጣላል ብዬ ደግሞ ደገምኳት። ሱፐርቫይዘሩ ከሩቅ "ተራራቁ! ማስክ!" እያለ ጮኸ።

"ስኳሩ ቢምረኝ አንቺ ልትገድዪኝ ነው?" አለች አቴ ሉዝ፣ አፏ ሞልቶ እየሳቀች።

እኔም ስስቅ እናቴ ትዝ አለችኝ። ምነው የሄድኩ ዕለት ማታ አንዱን ቦንቦሊኖ ገምሼ፣ "በሞቴ!" ብዬ ባጎረስኳት! እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

በቀደም ደወልኩላት። መፍትሔ ያገኘሁ መስሎኝ እየተጣደፍኩ፣ "እማዬ፣ ሐኪምሽን ጠይቂውና፣ ምሳሽን ከበላሽ በኋላ ግማሽ ቦንቦሊኖ ብቻ ቅመሺ። እኔ በግማሽ ነው የዳንኩት" አልኳት።



"ሐኪሙማ ግማሹን መች ከለከለኝ፣ ልጄ። ሌላውን ግማሽ የሚበላልኝ ነው የሄደብኝ።"