ገዱ ያልተናገረው ጉድጓድ

ደባርቅ ላይ የውሃ ጉድጓድ ማስቆፈር የፈለገ ሰው ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሚሄደው ገዱ ዘንድ ነበር። አፈሩን በመዳፉ ፈርክሶ፣ አሽትቶ፣ እዚህ ውሃ አለ፣ እዚያ ዐለት ነው ይላል፤ አይስትም። ባለሙያ ግን አንድ ክፉ ዐመል አያጣም፤ የገዱ ቅናት ነው። ሌላ ሰው ሲመሰገን ከሰማ የበላው እህል አይረጋለትም።

ዘንድሮ ደግሞ የሚያስቀና ነገር ደጁ ድረስ መጣለት። ወደ ሊማሊሞ መውጫ፣ ከተዘጋው ነዳጅ ማደያ በታች ያለው የወይዘሮ በለጠች ጉድጓድ ናፍጣ ናፍጣ መሽተት ጀመረ። ከዚያ የሚቀዳው ስምንት ቤት ነው። ማደያው ውስጥ የተቀበረው አሮጌ ታንከር አፍስሶ እንደሆነ አፈሩን እንድትመረምር ትሕትና የምትባል ባለሙያ ከጎንደር ተላከች። ቆፋሪ ብትጠይቅ ሰዉ ሁሉ የጠቆማት የሺዋስን ሆነ። የሺዋስን! ገዱ አካፋ አያያዝ ያስተማረውን፣ ዐሥራ ሁለት ዓመት ገመድ ሲጎትትለት የኖረውን ሰውዬ!

ነገሩ ግልጽ ነው፤ ገዱ ስልሳን አልፏል፣ ጉልበቱም ይዞታል። ይህን ግን ማን ደፍሮ ይነግረዋል? በየቀኑ ከማደያው ፊት ለፊት ድንጋይ ላይ ተቀምጦ፣ የሺዋስ ጓንት አጥልቆ ሲሰረስር፣ ትሕትናም አፈሩን በጠርሙስ እየከተተች «ጎበዝ» ስትለው ይሰማል።

አንድ ነገር ግን ያውቅ ነበር። ሰዉ ታንከሩ ድሮ የነዳጅ መቅጃው ከቆመበት ሥር ያለ ይመስለዋል፤ የሚሰረሰረውም እዚያው ነው። ታንከሩ የተቀበረበትን ጉድጓድ የቆፈረው ግን ራሱ ገዱ ነበር። ያን ጊዜ ዐለት አላስኬድ ቢለው ዞሮ ማደያው ጓሮ ውስጥ ቆፈረ፤ ቁልቁል በበለጠች ጉድጓድ አቅጣጫ። ባለማደያው ሞቷል፤ ከእንግዲህ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ ብሎ ያምን ነበር።

ካልጠየቁኝ ምን አገባኝ፣ ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም አለ ለራሱ። ውሸቱን ነው፤ እግሩ ሥር ወድቀው እንዲለምኑት ነበር የፈለገው።

በሦስተኛው ሳምንት ወሬ ሰማ። የሺዋስ ለምርመራ የሰረሰረው አራቱም ጉድጓድ ንጹሕ አፈር ስላወጣ፣ ትሕትና ታንከሩ ጥፋት የለበትም ብላ ጽፋ ነገ ልትሄድ ነው። እሷ እንዲህ ካለች ያ ሁሉ ቤት፣ ሕፃኑም እመጫቷም፣ ውሃውን ያለ ሥጋት ሊጠጣ ነው። ምሳውን ትቶ ተነሣ፤ መንገዱን ሙሉ ግን ምስጋናውን የሺዋስ ሊበላው ነው እያለ ይንገበገብ ነበር።

የሺዋስን ብቻውን ዕቃ ሲሰበስብ አገኘው። ታንከሩ ጓሮ መሆኑን ቆጣ ብሎ ነገረው። የሺዋስ እጅ ነሥቶ ቆመ።

«አውቃለሁ፣ ጋሼ» አለ። «ያን ዕለት ገመዱን የያዝሁ እኔ አይደለሁም፣ ረሱት? ግን ጉድጓዱ የእርስዎ ነው። መምህሩ ተቀምጦ እያየ ተማሪ ከአፉ አይነጥቅም ብዬ እስኪናገሩ ስጠብቅ ከረምሁ። ዛሬ ባይመጡ ቤትዎ መጥቼ ልለምንዎ ነበር።»

«ውሃውን የሚጠጡትስ?» አለ ገዱ።

የሺዋስ በመጀመሪያው ቀን ቤት ለቤት ዞሮ እንዳይቀዱ ነግሯቸው ኖሯል። ያን ውሃ ሦስት ሳምንት ማንም አልጠጣም።

ትሕትና ከምሳ ስትመለስ የሺዋስ ገዱን ወደ ፊት አስቀደመ። «መምህሬ ናቸው፤ ቦታውን የሚያውቁት እሳቸው ናቸው» አላት። ገዱ ጓሮው ውስጥ በእግሩ ምልክት አደረገ። ሁለት ሜትር ሳይወርዱ ጥቁር፣ አፍንጫ የሚሰነፍጥ አፈር ወጣ። ትሕትና ስሙን ጠይቃ መዝገቧ ላይ ጻፈች፤ ጎረቤቱም ተሰብስቦ መረቀው። የተመኘው ሁሉ ሞላለት።

እሱ ግን የሚያየው የሺዋስን ነበር። ጉድጓድ መቆፈርስ ይቅር፣ ደግነትንም ቀደመኝ አለ በሆዱ። ገዱ በዕድሜው እንደዚያን ቀን ቀንቶ አያውቅም።