የቁርጭምጭሚቴ ብረት

ፖሊሶች ካራ የተከራየሁበት ቤት ድረስ የመጡት በማለዳ ነው። ምርጫውን ተከትሎ ስለታሰሩ ባልደረቦቻችን ለመነጋገር እኛ መምህራን በዋዜማው ቤቴ ተሰብስበን ነበር።

ጣቢያው በር ላይ የምትፈትሸው ፖሊስ ቀሚሴን ገልባ አየችኝ። በልጅነቴ ፖሊዮ ግራ እግሬን ስላደከመው ከጉልበቴ በታች የፕላስቲክ ድጋፍ አስራለሁ። ቁርጭምጭሚቱ ላይ የብረት ማጠፊያ አለው፤ ውስጡ ያለው ሞላ ስራመድ ጣቶቼን ወደ ላይ ይስብልኛል። ያለሱ እግሬ ይንጠለጠላል።

«ብረት አይገባም» አለች።

«እግሬ እኮ ነው።»

«እግርሽማ ያውልሽ።»

የእስር ክፍሉ ሽንትና እርጥብ ብርድ ልብስ ይሸታል። የእንጦጦ ብርድ ከሲሚንቶው ዘልቆ አጥንት ይገባል። ሽንት ቤት ልሄድ ስነሳ ጣቴ ተደናቀፈና አንዲት እናት ላይ ወደቅሁ። ከደቡብ የመጡ ቅቤ ነጋዴ ናቸው፤ ፖሊስ ልጃቸውን ሲያጣ እሳቸውን ይዟቸው መጣ።

አልተቆጡም። ሻሻቸውን ለሁለት ቀደዱት።

«እግርሽን ስጪኝ፣ ልጄ።»

ከጣቶቼ ሥር አዙረው፣ ወደ ላይ ስበው ከጉልበቴ በታች ቋጠሩት።

«ጠበቀብሽ?»

«ትንሽ ይጨምሩበት፣ እናቴ።»

«ቅቤ በኮባ ስጠቀልል ነው ዕድሜዬ ያለቀ» አሉ። ቀና ብዬ ተራመድኩ።

መርማሪው ትሁት ሰው ነበር። ድጋፌን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ማጠፊያውን ከፍ ዝቅ ያደርጋል።

«እህቴ፣ ስብሰባውን የጠራው ማነው? ስሙን ንገሪኝና አድርገሽው ውጪ።»

«ቤቱ የኔ ነው። የጠራሁትም እኔ ነኝ።»

ካቻቢቴ አስመጣ። ብሎኖቹን ራሱ፣ ሳይቸኩል ፈታቸው። ማጠፊያውን መሳቢያው ውስጥ ከቶ ፕላስቲኩን ገፋልኝ።

«ውሰጂ። የተከለከለው ብረቱ ብቻ ነው።»

ጠባቂው ክንዴን ያዘ።

«ልቀቀኝ፤ መሄድ አልረሳሁም» አልኩት። ፕላስቲኩን ታቅፌ፣ በተቋጠረው እግሬ ኮሪደሩን ብቻዬን ጨረስኩት።

ያለ ክስ ተለቀቅሁ። ነጋዴዋ ግን እዚያው ነበሩ፤ መጨረሻቸውን አላወቅሁም።

ከዓመታት በኋላ በኮተቤ አውቶቡስ ቆሜ ስሄድ አንድ ሰው እግሬን አየና ከወንበሩ ተነሳ። መርማሪው ነው። አላወቀኝም።

«ተቀመጪ፣ እህቴ።»

«ይቅርብኝ» አልኩት። ሌላ ሰው ተቀመጠበት። እኔና እሱ አንድ ብረት ይዘን ካራ ድረስ ጎን ለጎን ቆምን።

ዛሬም የሚከነክነኝ ያ ደግ ፊቱ ነው። ያኔም ይኸው ፊት ነበረው።